ከጎረቤት የመጣ ሶፋ

የወረዳው ኮሚቴ ዛሬ ቤት ለቤት ይዞራል ተብሏል። አቅም ለሌላቸው አዛውንት የጤና መድን መዋጮውን መንግሥት ይሸፍናል፤ አቅም የሌለው ማን እንደሆነ የሚለየው ግን ኮሚቴው ቤቱን በዓይኑ አይቶ ነው። የእማማ ጥሩነሽ ባል አቶ ገመዳ ልባቸው ከደከመ ወዲህ የጥበቃ ሥራቸውን ትተው አልጋ ላይ ውለዋል። የመድን መታወቂያው ከወጣላቸው ሐሙስ ሐኪም ያያቸዋል፣ መድኃኒቱንም ያገኛሉ። ካልወጣላቸው የለም።

ቢሆንም እንግዳ እንግዳ ነው። ለሚ ኩራ በተከራዩአት አንድ ክፍል ውስጥ ከአልጋ ሌላ ያለው ዱካ ብቻ ስለሆነ እማማ ጥሩነሽ ጎረቤታቸውን ሰምሃልን ሶፋና ምንጣፍ አውሺኝ አሏት።

«ኧረ እማማ፣ ቤቱን እንዳለ ይዩት! ሊያዩ የሚመጡት እኮ ችግርዎን ነው።»

«ታዲያ የሰው ልጅ ዱካ ላይ ልጎልት? ችግሬንማ ሰውዬው ተኝቶ ሲያዩት ያውቁታል።»

«እርስዎን ማን ይችላል!» አለች ሰምሃል፤ እያጉረመረመች ሶፋውን አስገባች።

አቶ ገመዳም ተኝቼ አልቀበልም አሉ። ጺማቸውን ተላጭተው፣ ሱፍ ኮታቸውን ለብሰው፣ ትራስ ተደግፈው ተቀመጡ።

ኮሚቴው መጣ። ሰብሳቢዋ ማኅደር የምትባል ወጣት ናት። ከሱቅ በዱቤ የመጣ ሻይና ዳቦ ቀረበላቸው።

«እማማ፣ የሚረዳችሁ ልጅ አለ?»

«ጌታ አለ፣ ልጄ።»

«የምትበሉትስ አይቸግራችሁም?»

ከትናንት ጀምሮ የቀመሱት ቆሎ ነው። ግን በእማማ ጥሩነሽ ቤተ ክርስቲያን ችግርን በአፍ መጥራት ለጠላት በር መክፈት ነው፤ በእንግዳ ፊት ደግሞ ስለ ረሃብ ማን ያወራል?

«ተመስገን ነው! ምን ጎድሎን?»

«እኛማ ደህና ነን» ብለው አቶ ገመዳ አገዟቸው። «የተቸገረው ልጆች የሚያሳድገው ነው። ሻይ ይጨመርላቸው እንጂ!»

ማኅደር ምንጣፉን አየች፣ ባልደረቦቿን አየች። በር ላይ ስትደርስ የእማማን እጅ በሁለት እጇ ያዘች።

«አይቀየሙን እማማ። ኮታው ትንሽ ነው፣ ከእናንተ የባሰ ብዙ ሰው አለ። እናንተ መዋጮውን ከፍላችሁ መድኑ ውስጥ ትገባላችሁ።»

ሶፋው የሰው ነው የሚለው ቃል እማማ ጥሩነሽ ጉሮሮ ድረስ መጣ። ዞር ሲሉ ገመዳን አዩአቸው፤ በኮታቸው እንደ ጤነኛ ሰው ቀጥ ብለው ፈገግ ብለዋል። ቃሉን ዋጡት።

«ጌታ ይባርካችሁ» ብለው ሸኟቸው።

«ምን አሉ?» አሉ አቶ ገመዳ።

«ደስ ብሏቸው ሄዱ።»

«አኮራሽኝ፣ ጥሩዬ።»

ሐሙስ ጠዋት እማማ ጥሩነሽ ውኃ ቀድተው ሲመለሱ፣ አቶ ገመዳ ጫማቸውን አጥልቀው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። ትንፋሻቸው ያፏጫል።

«ነይ እንጂ፣ የመገናኛው ታክሲ ሰልፉ ሳይረዝም።»

«ቀጠሮው ተዛውሯል አሉ።»

«ለመቼ?»

«እንደውላለን ብለዋል።»

«እሰይ! ዛሬማ ደክሞኝ ነበር።»

እማማ ጥሩነሽ ተንበርክከው የጫማቸውን ማሰሪያ ይፈቱ ጀመር። ከፈቱት በኋላም ቀና አላሉም።