የአልማዜ ድንጋይ

አልማዜ ኩሽናዬ ይታደስልኝ እያለች ባሏን ደግፌን ሃያ ዓመት ለምናዋለች። እሺ ያላት ግን ሐኪሞቹ «ከዚህ በኋላ የምናደርግልዎት የለም» ካሏት በኋላ ነው። በሳምንቱ ክንዷን ይዞ ኮልፌ ወዳለ አንድ የድንጋይ መሸጫ ወሰዳት፤ ካቢኔቱ ላይ የሚነጠፈውን እሷው እንድትመርጥ።

«ነጩን እብነበረድ አሳየን» አለው ሻጩን።

አልማዜ ነጩን በመዳፏ ዳበሰችው። እንደወደደችው ያስታውቃል። ቆየት ብላ ግን ወደ ጥቁሩ ግራናይት ዞረችና «ይሄ ይሁን» አለች።

«ምን ነካሽ? ሁልጊዜ ነጭ ነጭ ስትይ አልነበር?»

«ነጩን እርድ ሲነካው ቶሎ ካልተወለወለ እድፉ አይለቅም። አንተ ደግሞ የበላህበትን ሳህን እንኳ የምታሳድር ሰው ነህ።»

«እኔን ምን አግብቶኝ ኩሽና...» ብሎ ጀመረና ነገሩ ሲገባው እጁን ጥቁሩ ድንጋይ ላይ አሳረፈ።

ሻጩ ሜትሩን ዘርግቶ «እናቴ፣ ከፍታው በእርስዎ ቁመት ልክ ይሁን አይደል?» ሲል ጠየቃት።

«በእሱ ልክ አድርገው» አለች ረጋ ብላ። «ጎንበስ ሲል ወገቡን ያመዋል።» ባሏንም ወደ ፊት ገፋ አደረገችው።

ደግፌ እንደ ሕፃን ቀጥ ብሎ ተለካ።

ድንጋዩ የተገጠመው የአልማዜ አርባ ሳይወጣ ነበር። ደግፌ ሠራተኞቹን ሸኝቶ ተመለሰና በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ሽንኩርት ከትፎ ወጥ ጣደ። አሳረረው። ያንኑ ያረረውን ወጥ ብቻውን ቆሞ በላ።