ሠላሳ አራት ቢጫ መብራት

አልጋው በሩ ላይ ተሰነቀረ። ልጃቸው ከኮሪደሩ ትገፋለች፣ ጋሽ ፓውዛ ከውስጥ በሁለት እጃቸው ይመልሳሉ።

«አባዬ፣ ልቀቀው እንጂ!»

«ቀስ በይ! መብራቱን ልትሰብሪው ነው።»

«ነገ እማዬ ከሆስፒታል ስትወጣ የት ልትተኛ ነው ታዲያ? ምሰሶ ላይ?»

ሚስታቸው ግራ ጎኗ አልታዘዝ ካላት ወር ሆኗታል፤ ፎቅ ላይ ወዳለው መኝታ ቤት ከእንግዲህ አትወጣም። ታች ያለው ክፍል ደግሞ ይኸው አንዱ ነው፣ እሱም ከወለል እስከ ጣሪያ በመንገድ መብራት ተሞልቷል። አልጋውን እዚያው በሩ ላይ እንደተሰነቀረ ተዉት።

ፓውዛ የሚለውን ስም ያወጡላቸው የሥራ ባልደረቦቻቸው ናቸው። በከተማው የመንገድ መብራት ክፍል፣ ምሰሶ ላይ ሲወጡ ሲወርዱ ነው ያረጁት። ነጩ አምፖል መጥቶ ቢጫው የሶዲየም መብራት ከየመንገዱ ሲነቀል ሰው ሁሉ እሰይ አለ። እሳቸው ግን አንጀታቸው አልቻለም፤ ከመጣያው እየለቀሙ ወደ ቤት ማጋዝ ጀመሩ። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ይፍቃሉ፣ ከመስታወት ሽፋኑ ውስጥ የስንት ዓመት የእሳት ራት ይጠርጋሉ፣ የተቃጠለውን ሽቦ ይቀይራሉ። መጨረሻ ላይ መብራቱ የቆመበትን ቦታ ካርቶን ላይ ጽፈው አንገቱ ላይ ያስሩለታል፦ «ዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ጎርፍ የጣለው»፣ «ትምህርት ቤት በር፣ ሦስተኛው ምሰሶ»። ሚስታቸው ደህና ሳለች «ሠላሳ አራት ጣውንት ያለባት ሴት እኔ ብቻ ነኝ» እያለች ጎረቤቱን ታስቅ ነበር። የክፍሉ ቁልፍ ግን ከሳቸው ኪስ ወጥቶ አያውቅም። ሰው ከገባ ይነካል፣ ከነካ ይሰብራል ባይ ናቸው።

ዛሬ የቀረቻቸው አንድ ተስፋ ናት። የባህል ቢሮው ስለ ድሮዋ ከተማ የሚያሳይ አዳራሽ እያዘጋጀ ነው፤ ባለሙያዋም በስልክ «የሚሠሩ ከሆነ እንነጋገራለን» ብላቸዋለች። መብራቶቹን እሷ ካልወሰደቻቸው ነገ ጠዋት ብረታ ብረት ሰብሳቢው ይጭናቸዋል።

አራት ሰዓት ላይ ባለሙያዋ መጣች። ቦርሳዋን አቅፋ፣ በአልጋውና በመቃኑ መካከል እንደምንም ሾልካ ገባች።

«እነዚህን ሁሉ ብቻዎን ነው የጠገኗቸው?»

«ብቻዬን ነው፣ ልጄ። ሲበራ ደግሞ ታዪዋለሽ። ሰባት ደቂቃ ብቻ ታገሺኝ።»

«ሰባት ደቂቃ? ለመብራት?»

«እሱ እንደ ዘንድሮዎቹ ብልጭ አይልም። እየሞቀ ነው የሚመጣው።»

የትምህርት ቤቱን መብራት አበሩት። ግርጥት ያለች፣ የበሽተኛ ፊት የመሰለች ብርሃን ብቅ አለች። ከዚያ ቀስ እያለች ትቀላ ጀመር። በዚህ መሐል የባለሙያዋ ስልክ ጠራና ወደ ኮሪደሩ ዞረች። ጋሽ ፓውዛም ብርሃኑ ይበልጥ እንዲታይ መጋረጃውን ሊዘጉ ሄዱ።

ይህን ጊዜ ሾልካ የገባችው ልጃቸው መብራቱን አየችው። ፈዟል። የአባቷ ዕድል ሊበላሽባቸው መሰላት፤ ስለዚህ ማብሪያውን አጥፍታ መልሳ አበራችው።

መብራቱ ጭልም አለ።

«ምን አደረግሽ?»

«ፈዘዘብኛ! እንደ ቴሌቪዥኑ አጥፍቼ ባበራው ይስተካከላል ብዬ ነው!»

«ትኩሱን ካጠፉት ሳይቀዘቅዝ አይነሳም እኮ!»

«መቼ ነገርከኝ? እዚህ ክፍል መቼስ አስገብተኸኝ ታውቃለህ?»

ልጅቷ እውነቷን ነው። ባለሙያዋ ስልኳን ጨርሳ ስትመለስ ጋሽ ፓውዛ ከሌላ መብራት ሽቦ ጋር ይታገሉ ነበር።

«ተበላሸ እንዴ?»

«አልተበላሸም። እስኪቀዘቅዝ ነው። ወይ ይኸኛውን ላገናኝልሽ፣ አንድ አፍታ ነው።»

«አባት፣ ሹፌሩ ውጭ እየጠበቀኝ ነው።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እውነቱን ልንገርዎት፤ አለቃዬ ቦታ የለንም፣ ፎቶ ይበቃል ብሏል። ሲበራ ባየው ተከራክሬ ጥቂቱን አስገባልዎት ነበር። ያላየሁትን ምን ብዬ ልከራከር?»

የጠፋውን መብራት በስልኳ አንዴ ፎቶ አነሳች። አመስግናቸው፣ ጎኗን አጥብባ ወጣች። የመኪናው ሞተር ሲነሳ ተሰማ፣ ራቀ።

ጋሽ ፓውዛ የያዙትን ሽቦ አስቀመጡ። ጥቂት ቆይቶ ከትምህርት ቤቱ መብራት ሆድ ውስጥ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ መጣ፣ ብርሃኑም ተመለሰ። ይህን ጊዜ ማንም አልነካውም። ቀላ፣ ቢጫ ሆነ፣ ክፍሉን ሞላው። የልጅቷ ቀሚስ፣ እጇ፣ ፊቷ ሁሉ አንድ ቀለም ሆነ።

«እንዲህ ነው እንዴ?» አለች። ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ሮጬ ልድረስባት? ልደውልላት?»

«ተይው።»

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ አባዬ።»

«የኔ ነው። በር ዘግቼ ኖሬ ማን ሊያውቅልኝ ነበር?» አሉ። ተናደው እንኳ አልነበረም። ደክሟቸዋል፤ ሃያ ዓመት ያቃኑት ነገር ሁሉ በአንድ ጠዋት ብረት ብቻ ሆኖ ታያቸው።

«እሺ፣ አንዱን እንኳ እናስቀር። ይኸኛውን። ኮሪደሩ ላይ ይቆማል፣ ማንንም አያስቸግርም» አለች ልጅቷ።

ጋሽ ፓውዛ መብራቱን ረጅም ጊዜ አዩት። እውነትም ለአንዱ ቦታ አይጠፋም ነበር።

«አንዱ ከቀረ ነገ ጓደኛ እፈልግለታለሁ» አሉ። «እኔ እኮ ራሴን አውቀዋለሁ።»

ስልካቸውን አውጥተው ብረታ ብረት ሰብሳቢው ዘንድ ደወሉ።

«የነገውን ዛሬ አድርገው።»

«ችግር የለም፣ ጋሼ። የሚቀር አለ?»

«ምንም። ትልቁን መኪና አምጣ።»

«ከሰዓት እደርሳለሁ። ሲጫን ግን እዚያው ይሁኑ፤ ልጆቹ ዕቃ ይወረውራሉ፣ ኋላ ሰበራችሁብኝ እንዳይሉኝ።»

ጋሽ ፓውዛ ኮታቸውን ከመስቀያው አንስተው አንድ እጃቸውን አስገቡ።

«ልጄ ታስጭንሃለች» አሉ። «እኔ ባለቤቴ ጋ ነው የምውለው።»