መሀል ላይ ያለ ሰው

ስሌቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው መብራት ጠፋ። ስክሪኑ ጠቆረ፤ የማቀዝቀዣውም ድምፅ ቀጥ አለ። የዩኒቨርሲቲው ጄኔሬተር የሚሠራው ለአስተዳደሩ ሕንፃ ብቻ ስለሆነ የፊዚክስ ክፍል ሰዎች ወንበራቸውን ይዘው ወደ ኮሪደሩ ወጡ። ህሊና ግን ሙቀቱ ውስጥ እንደተቀመጠች ቀረች። ፕሮግራሙ በየመሀሉ ውጤቱን እንዲያስቀምጥ አላዘዘችውም ነበር፤ የሳምንቱ ሥራ በሙሉ ጠፋ።

የማስተርስ ጥናቷ ስለ ኳንተም ምስጢራዊ ቁልፍ ነበር። ሁለት ሰዎች አንድ በአንድ በሚላኩ የብርሃን ቅንጣቶች የጋራ ቁልፍ ይሠራሉ። መሀል ገብቶ ሊያዳምጥ የሚሞክር ሰው ቅንጣቶቹን ሳያውክ ማለፍ አይችልም፤ ሲያውካቸው ስሕተት ይበዛል፣ ሁለቱም መደመጣቸውን ያውቃሉ። መሣሪያው ግን ሱዳን ላይ በተጣለው ማዕቀብ ምክንያት ካርቱም አይገባም። ሻጮቹ «ሱዳን» የሚለውን አድራሻ ሲያዩ መልስ መስጠት ያቆማሉ። ያላት ሒሳቡ ብቻ ነው፣ እሱም እምቢ ብሏታል። ሰው በእውነት ሊልክ የሚችለውን ያህል ቅንጣት ስታስገባ፣ ከአድማጩ የሚሰወረው ቁልፍ ርዝመት ዜሮ ይሆናል። ቀመሩን በሌላ መንገድ ስትሞክረውም ያው ዜሮ ነው።

አማካሪዋ ዶክተር ኢልሃም በር ላይ ቆመው የሆነውን ሰሙ።

«ቅንጣቶቹ ማለቂያ የላቸውም ብለሽ ተነሺና ጻፊው» አሏት በዐረብኛ። «ብዙ ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ፈታኞቹም አይጠይቁሽም።»

«ማለቂያ የሌለው ብርሃን የሚልክ ሰው ግን የለም፣ ያ ዶክቶራ።»

«አውቃለሁ፤ አንቺ ግን መመረቅ አለብሽ» አሉና ሄዱ።

ሃፍላ በሚሉት አውቶቡስ መስኮት የሚገባው ነፋስ እንደ እሳት ይጋረፋል። ህሊና ዐማራት ሰፈር እስክትወርድ ድረስ ጥርሷን ነክሳ ነበር። በማን እንደተናደደች ለራሷም አልታወቃት።

አባቷ አቶ ወልደሥላሴ ከአንድ ቪላ ጀርባ በተከራዩት ቤት፣ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ጠበቋት። ፖለቲካ አሰድዷቸው ካርቱም ገብተው፣ ህሊናንም እዚሁ ወልደው ያሳደጉ ሰው ናቸው። የታናሽ ወንድማቸው የያረጋል ሚስት የሻሽወርቅ ከአዲስ አበባ ለጎረቤታቸው ለወለላ ደውላ መልእክት ትታለች። ያረጋል ነገ ጠዋት የልብ ቀዶ ሕክምና ይደረግለታል፤ ከዚያ በፊት የወንድሙን ድምፅ መስማት ይፈልጋል።

ወንድማማቾቹ በስልክ ከተነጋገሩ ዓመታት አልፈዋል። በመጨረሻው ጊዜ ስለ ፖለቲካ በግልጽ አወሩ፤ ብዙም ሳይቆይ ያረጋል ለምርመራ ተጠራና የተባባሉት ቃል በቃል ተነበበለት። ከማስተማር ሥራውም ተባረረ። ከዚያ ወዲህ አቶ ወልደሥላሴ ወደ አገር ቤት ደውለው አያውቁም።

«ያ የምታጠኚው ነገር» አሉ የእሷን ስልክ እያዩ፣ «በዚህ ላይ ይሠራል?»

«አይሠራም፣ አባዬ። የራሱ መስመርና መሣሪያ ይፈልጋል።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን የተማርሽው ምን ሊያደርግ ነው?»

ህሊና ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ ወረወረችው። «የእኔ ሥራ ወረቀት ላይ ነው። እሱም ዛሬ ከህረባ ጠፍቶ ኮምፒውተሩ ሲዘጋ ተበላሽቷል። ምን ላድርግልህ?»

አባቷ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እኔን ያቃጠለኝ መደመጤ አይደለም፤ አለማወቄ ነው» አሉ። «ሰው መሀላችን እንዳለ ባውቅ ኖሮ ስለ ዝናብና ስለ እህል አውርቼ እዘጋው ነበር። ያረጋልም እንጀራውን አያጣም ነበር።»

ይህን ሲናገሩ ሰምታ አታውቅም። አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ልዋሽህ አልፈልግም፣ አባዬ። ዛሬም ሰው ሊኖር ይችላል፣ ላይኖርም ይችላል። የምናውቅበት መንገድ የለንም።»

«እንግዲያው አንቺ አናግሪው። ያንቺን ድምፅ አያውቁትም። እኔ አጠገብሽ ሆኜ የምትዪውን እነግርሻለሁ።»

ደወለች። ያረጋል ራሱ አነሣው፤ ትንፋሹ ይቆራረጥ ነበር። ህሊና ማን እንደሆነች ነገረችው። በዐረብኛ ስላደገች አማርኛዋ ይጎረብጣል፤ «ኢንሻአላህ ይድናሉ» ስትለው ሳቀ። አባቷ በጆሮዋ እያንሾካሾኩ፣ እሷ እየደገመች፣ ስለ ሐኪሞቹ ጠየቁት፤ ጸልዮ እንዲገባም አሳሰቡት። ከዚያ አባቷ ሌላ ነገር አንሾካሾኩላት። ህሊናም ሳታስብ እንዳለ ደገመችው፦

«አይዞህ፣ አንተ ልጅ።»

የወንድም ልጅ አጎቷን እንዲህ እንደማትለው የገባት ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው።

«ጋሼ አጠገብሽ ነው?» አለ ያረጋል።

አቶ ወልደሥላሴ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የለም በይው ማለታቸው ነበር። ጣታቸውንም ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። ያረጋል ይጠብቃል፤ ትንፋሹ ብቻ ይሰማል። ህሊና አባቷን አየቻቸው።

«አዎ» አለች። «እዚሁ ነው ያለው።»

ስልኩን ዘረጋችላቸው። እጃቸውን ዘርግተው አልተቀበሏትም። ህሊና ግን ወደ ጆሮዋ አልመለሰችውም፤ የድምፅ ማጉያውን ከፈተችና አባቷ ጉልበት ላይ አስቀመጠችው።