ከበሩ ወዲህና ወዲያ

ፍሬን የሚባለው ሰው ይህን ስም ያገኘው መኪና መንዳት ስለሚያስተምር ነው። ለማጅ አጠገቡ ሆኖ ሲነዳ ቀኝ እግሩ አያርፍም። ቤቱ ሶፋ ላይ ተቀምጦ እንኳን ቴሌቪዥኑ ውስጥ መኪና ሲከንፍ ካየ ምንጣፉን ይረግጣል። ከእግሩ በቀር ግን ሌላው አካሉ የረጋ ነው። ሚስቱ፣ “የእኔ ባል ቤቱ ቢቃጠል መጀመሪያ የጫማውን ክር ያስራል” ትላለች። ስታመሰግነው ይሁን ስታማው ለይቶ አያውቅም፤ ጠይቋትም አያውቅም።

ይህን ሰው አንድ ጊዜ የእንጨት ሥራ ፍቅር ያዘው። ያስያዘው አንድ አናጢ ለማጅ ነበር፤ ማርሽ በቀየረ ቁጥር ስለ ጣውላ የሚያወራ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንደሚባለው፣ አናጢው ፈተናውን አልፎ መንጃ ፈቃዱን ሲወስድ ፍሬን መሮ፣ መላጊያና መጋዝ ገዛ። ከቤቱ ጀርባ ያለችውን ዕቃ ቤት አጸዳና ጠረጴዛ አስገባባት፤ ጠረጴዛው ላይ እንጨት ነክሶ የሚይዝ ሞርሳ አሰረ። መሣሪያዎቹን ከትንሽ ወደ ትልቅ እንደ ቤተሰብ ፎቶ ግድግዳው ላይ ደረደራቸው። ሁሉም ነገር ተሟላ። ስለት ብቻ ነበር የጎደለው።

የመጀመሪያ ሥራው በርጩማ ነበር። አብረዋቸው ለሚኖሩት ለአማቱ፣ ለሚስቱ እናት፣ በስጦታ አቀረበላቸው። ዘመድ በተሰበሰበበት መረቁትና ተቀመጡበት። በርጩማው ለጥቂት ጊዜ ሲያስብ ቆየና ወደ ግራ ተኛ። አማቱም አብረው ተኙ።

የተሰበረ አጥንት አልነበረም። አማቱ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍሬንን አናግረውት አያውቁም። በአንድ ገበታ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ “ባልሽን ጨው አቀብለኝ በይው” ይላሉ። እሱም ጨዉን በእጁ ይዞ፣ “እናትሽን ይኸው በያቸው” ይላል። ሚስቱ መሀል ሆና መልእክት ማመላለስ ሲሰለቻት ጨዉን እሷው ታነሳዋለች። ዝምታ ወርቅ ከሆነ በዚያ ቤት ብዙ ሀብት ተከማችቶ ነበር።

ዝናብ ሳያባራ በሰነበተበት ሳምንት፣ ሚስቱ በነርስነት ወደምትሠራበት ሆስፒታል ተረኛ ሆና ሄደች። ፍሬን ሥራ አልነበረውም፤ በዚያ ዝናብ ለማጅ ይዞ የሚወጣ አስተማሪ ፍሬን መርገጫ እግሩ ሁለትም ቢሆን አይበቃውም። ዕቃ ቤቱ ገብቶ አንዲት ጣውላ ያገላብጥ ጀመር። ዕቃ ቤቱ ከመታጠቢያ ቤቱ ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ ግድግዳው ላይ ከፍ ብላ አንዲት የአየር መተንፈሻ አለች። በዚያች መተንፈሻ ድምፅ መጣ።

“ሰው የለም?”

“አለ” አለ ፍሬን።

“ሌላ ሰው የለም?”

“የለም፣ እማማ።”

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

“እንግዲያው ልጄ እስክትመጣ እጠብቃለሁ።”

“የምትመጣው ማታ ነው። ስልኳንም ሥራ ላይ አታነሳም።”

አማቱ ነገሩን አወጡ አወረዱ። ከዚያ ለእሱ ሳይሆን ለሳሙናው እንደሚነግሩት አድርገው፣ “በሩ ተጣብቋል። እጀታውም ተነቅሎ እጄ ላይ ቀርቷል” አሉ።

ፍሬን በኮሪደር ዞሮ በሩ ጋ ደረሰ። እንጨቱ ዝናቡን ጠጥቶ አብጧል፤ የላይኛው ማዕዘን መቃኑን ነክሶ ይዟል። በሩ ወደ ውስጥ የሚከፈት ነው፤ ስለዚህ ትከሻውን አስጠግቶ ሊገፋ ተዘጋጀ።

“ምን ልታደርግ ነው?” አሉ ከውስጥ።

“ልገፋው።”

“ክፍሉ እኮ አንድ እርምጃ ነው! በሩን አናቴ ላይ ልታሳርፈው ነው? በርጩማው አልበቃህም?”

ፍሬን ትከሻውን መለሰ። “ጎረቤት ልጥራ?”

“ጎረቤት ጠርተህ ‘ሽንት ቤት የተቀረቀሩት ሴትዮ’ ልታሰኘኝ! ሞክርና ወጥቼ አሳይሃለሁ።”

መውጣት ቢችሉማ ጎረቤቱም ባላስፈለገ ነበር፤ ይህን ግን በሆዱ ያዘው። መሮና መዶሻ ይዞ መጣና በሩን አላላውስ ያለውን የመቃኑን ጠርዝ ሊጠርብ ሞከረ። መሮው እንጨቱን ከመቁረጥ ይልቅ አሸው። ሁለተኛ ሲመታው አዳልጦት ግድግዳው ላይ ጭረት አበጀ።

“እማማ፣ መሮው ደንዟል። ትንሽ ልሳለው።”

“አሁን?”

“ቀስ በቀስ እንቁላልም በእግሩ ይሄዳል።”

“እንቁላሉ ሽንት ቤት ተቆልፎበት ያውቃል?”

ፍሬን ወደ ዕቃ ቤቱ ተመለሰ። የመሳያ ድንጋዩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ መሮውን ይፈገፍግበት ጀመር። ድንጋዩ ጭራዋ እንደተረገጠ ድመት ጮኸ።

“ተው!” አለች መተንፈሻዋ። ማለትም አማቱ። “በደረቅ ድንጋይ ነው እንዴ የምትስለው? ውሃ አፍስስበት!”

አፈሰሰ። ድምፁ ለዘብ አለ።

“እጅህን አታወዛውዝ። ብረቱ ድንጋዩ ላይ የተኛበትን አተኛኘት ጠብቅ። አሁን ከፍ አደረግኸው። ... አሁን ደግሞ ዝቅ።”

ፍሬን ወደ መተንፈሻዋ ቀና አለ። የምታሳየው ጨለማ ብቻ ነው። “ያዩኛል እንዴ?”

“እሰማሃለሁ። ስለት ሲሄድ ይንሾካሾካል፤ ሲስት ይንጫጫል። የአንተው እንደ ገበያ ይጮኻል።”

“ማን አስተማረዎት?”

የአማቱ ሟች ባል ፀጉር ቤት በሰፈሩ የታወቀ ነበር፤ ምላጫቸው ፊት ላይ ሲያልፍ አይሰማም ይባል ነበር። ፍሬንም በሠርጉ ማለዳ እዚያው ተላጭቷል፤ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወስዶት ነበር።

“ያ ሁሉ ሰው የሚያደንቀው ምላጭ” አሉ አማቱ፣ “ከመጋረጃው ጀርባ ቁጭ ብዬ የምስለው እኔ ነበርኩ። እሱማ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እርሳስ መቅረጽ አይችልም ነበር።”

“ማንም አያውቅም?”

“ማን ጠይቆኝ? አንተ አሥሬ ድንጋይ ስታስጮህ ስሰማ ስንት ጊዜ ምላሴን ነከስኩ!”

“ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?”

“ልጄን ‘ንገሪው’ ብያት ነበር። እሷ ደግሞ ‘እናቴ፣ ስለ ድንጋይ መልእክት አላደርስም’ አለችኝ።”

ፍሬን በሚስቱ አልፈረደባትም። ውሃ ጨመረና መሮውን ሳለ። አማቱ ጣቱን በብረቱ ጀርባ እንዲያሳልፍ አዘዙት፤ ጫፉ ላይ እንደ ክር የሚሻክር ነገር አገኘ። “እሱ ማለት ብረቱ ተስሎ ወደ ኋላ መታጠፉ ነው፤ አሁን ጀርባውን ድንጋዩ ላይ አስተኝተህ ክሩን አርግፈው” አሉት። አረገፈው። እንደገና ፊቱን፣ እንደገና ጀርባውን። ከዚያ፣

“ቀበቶህ ቆዳ ነው?” አሉ።

“ነው።”

“አውልቀው።”

ፍሬን አወለቀ። ቀበቶውን በሞርሳው አስሮ ወጥሮ መሮውን ወደ ኋላ ብቻ ሳበበት፤ ወደ ፊት ከሄደ ቀበቶ አይኖርህም ተብሏል። ሱሪውን በግራ እጁ ይዞ በቀኙ ሳበ። መሮው ይንሾካሾክ ጀመር።

በዚህ መሀል፣ ምን እንዳደፋፈረው አላወቀም፣ “እማማ፣ ያን ቀን ስለመውደቅዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ” አለ።

“መውደቅማ ማንም ይወድቃል” አሉ አማቱ። “የቆጨኝ እሱ አይደለም። ወለሉ ላይ ተዘርሬ ስትሮጥ መጣህና መጀመሪያ ያነሳኸው በርጩማውን ነው።”

ፍሬን መሮውን አቆመ። ቀኑን መልሶ አየው። እውነት ነው፤ በርጩማውን አንስቶ፣ የቱ እግር እንደተሰበረ አገላብጦ ካየ በኋላ ነው አማቱን ያያቸው። እስከዛሬ የገረመው የእግሩ አሰባበር ብቻ ነበር።

“አንስቼዋለሁ” አለ። “ልክ ነዎት። ነውር ነው የሠራሁት።”

“ነውር ነው” አሉ። ቀጥለውም፣ “የትኛው እግር ነበር?” ብለው ጠየቁ።

“የግራው የኋላ።”

“ቀዳዳውን በደነዘ መሮ ስለቦረቦርከው ነዋ።”

ፍሬን ወደ በሩ ተመለሰ። መሮውን መቃኑ ላይ አስጠግቶ በመዳፉ ብቻ ገፋው። እንጨቱ እንደ ቅቤ ተቆረሰ። ጠርዙን ጥቂት በጥቂት ላጠው፤ በሩ አንድ ጊዜ ተንቋቋና ለቀቀ። አማቱ የበሩን እጀታ እንደ ጧፍ ይዘው ወጡ። ምስጋና አልነበረም። መሮውን ከእጁ ተቀብለው በአውራ ጣታቸው ጥፍር ላይ አሳረፉት። ስለቱ ጥፍሩን ነክሶ ያዘ እንጂ አልተንሸራተተም።

“ይሻላል” አሉ። ከእሳቸው አፍ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ መልካም ነበር። አማቱ ግን፣ “በሩ ነገም ያብጣል፤ አውርደህ ላገው” አሉ። ፍሬን ማጠፊያዎቹን ፈትቶ በሩን ኮሪደሩ ላይ በጎን አቆመው። የመላጊያውን ስለት አማቱ ራሳቸው ሳሉት፤ ድንጋዩ ፊት ተቀምጠው እጃቸው ሲመላለስ ትከሻቸው አይንቀሳቀስም ነበር። ፍሬን መላጊያውን በበሩ ጠርዝ ላይ ሲገፋው፣ በሕይወቱ አይቶት የማያውቀው ፍቅፋቂ ወጣ፤ ከበሩ አናት እስከ ታች ያልተቋረጠ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ እየተጠቀለለ ጫማው ላይ የሚያርፍ። ጎንበስ ብሎ አነሳው።

“አሳየኝ” አሉ አማቱ። አሳያቸው። “አምጣ እስቲ፣ እኔም ልሞክር።”

እሳቸው ሞከሩ። የእሳቸው ይበልጥ ስስ ነበር። ፍሬን፣ በእልህ ሳይሆን ለማነጻጸር ያህል፣ እንደገና ሞከረ። እሳቸውም እንደገና። በሩን ማንም አልጠየቀውም።

ሚስቱ ከሥራ ስትገባ ኮሪደሩ በፍቅፋቂ ተሞልቷል። እናቷ መላጊያ ይዘዋል፤ ባሏ በአንድ እጁ ሱሪውን ይዟል።

“ቀበቶህ የት ሄደ?” አለች።

“ሞርሳ ላይ ነው።”

“እናቴ፣ ምን እየሆነ ነው?”

“አንቺ ዘወር በይ፣ ብርሃን ከለከልሽን” አሉ አማቱ፤ ከዚያ ወደ ፍሬን ዞረው፣ ማንንም ሳይልኩ፣ “ያዘው ጠበቅ አድርገህ፣ አንድ ጊዜ ልድገመው” አሉ።

በሩን መልሰው ሲሰቅሉት ያለ ምንም ችግር ተከፈተ። ያለ ምንም ችግርም ተዘጋና፣ በራሱ ጊዜ መልሶ ተከፈተ። ከሚገባው በላይ ስለተላገ የቁልፉ ምላስ መቃኑ ላይ ካለው ቀዳዳ አይደርስም። ፍሬን ዝናቡ ሲበረታ ያብጥና ይገጥማል ብሎ አጽናናቸው፤ ዝናቡ ግን በማግስቱ አባራ።

አሁን በዚያ ቤት መታጠቢያ ቤት የገባ ሰው መኖሩን የሚያሳውቀው በመዝፈን ነው። ፍሬን ድምፅ ስለሌለው ያፏጫል። አማቱ ግን የልጅነታቸውን ዘፈን ሁሉ ከአዝማቹ እስከ መጨረሻው ያወርዱታል፤ አንዳንዴ ሥራቸውን ከጨረሱም በኋላ ዘፈኑ እስኪያልቅ አይወጡም፤ ሚስቱም ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ትጠብቃለች።