ደም ፈልጉ

ቅዳሜ፣ ገበያው ደርቶ ሳለ፣ በሆመቾ መንገድ ከሞተር ሳይክል ወድቆ የመጣው ሆሴዕ የሚባል ወጣት ድንገተኛ ክፍል አልጋ ላይ ሞተ። ዶክተሩ ደረቱን አዳመጠ፣ ዓይኑን በባትሪ አየ፣ ሰዓቱን ተናገረና ጓንቱን አወለቀ። ኦፕራሲዮን ክፍል ምጥ የጠናባት ሴት አለች ተብሎ ሲሮጥ፣ በሩ ላይ ዞር ብሎ፣ "ለአባትየው ንገሪያቸው" አለ። ይህን ያለው ለማን? ለኢልሃም! ከነርሶቹ ሁሉ ለእሷ!

እንግዲህ ኢልሃም ሬሳ የምትፈራ እንዳይመስላችሁ። ደምም ሆነ የተሰበረ አጥንት አያስደነግጣትም። አባቷ ሆሳዕና ላይ የጨርቅ ሱቅ አላቸው፤ ልጃቸው ምን ያህል ጀግና እንደሆነች ለደንበኛው ሁሉ ያወራሉ። እሷን የሚያርበደብዳት አስታማሚ ነው። ከሁለት ወር በፊት ኮሪደር ላይ እንደቆመች ለአንድ ሰውዬ እህቱ መሞቷን ነገረችው። ሰውየው "ገደላችኋት!" እያለ አንገቷን አንቆ ከግድግዳ ጋር አጋጫት። ጥበቃው ጋሽ ሊሻን ደርሶ ባያላቅቃት ኖሮ እሷም ተከትላ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጋውኗን ስትለብስ የአንገቷን ቁልፍ መቆለፍ ያቅታታል።

የነርሶቹ ኃላፊ ሲስተር ማራኪ ይህን አይታ ዝም አላለችም። ሌላ ቦታ ቢሆን "ቻይው፣ ሥራ ነው" ተብሎ ይታለፍ ነበር፤ ለነርስ ደግሞ ማን ተቆርቁሮ! ማራኪ ግን ሐሙስ ሐሙስ ነርሶቹን አንሶላ ክፍል ትሰበስብና እሷ ራሷ ሐዘንተኛ ሆና ትጮህባቸዋለች፣ ትወድቃለች፣ ትሳደባለች። ሲስቁባት ትቆጣለች። "መጀመሪያ አስቀምጧቸው። ሽማግሌ ወይም ዘመድ አብሮ ይኑር። ብቻችሁን አትግቡ፤ እኔን ወይ ሊሻንን ጥሩ። በሩ ከኋላችሁ ይሁን። 'ደከመ'፣ 'ጠናበት' አትበሉ፤ 'ሞተ' በሉ።" ኢልሃም ሁሉንም እንደ ውሃ ጠጥታዋለች። ማራኪን ስታረዳት አንድ እንከን አልተገኘባትም።

ግን አንሶላ ክፍል ሌላ፣ ኮሪደር ሌላ! በሩን ገፋ ስታደርግ የልጁ አባት አቶ አበራ ተነሥተው ቆሙ። ረጅም ገበሬ ናቸው፤ እጃቸው አካፋ ያህላል። ኢልሃም ያየችው እጃቸውን ብቻ ነው። አንገቷ ላይ የዚያ ሰውዬ ጣቶች ተሰሟት። ማራኪን ልጥራት ይሆን? ማራኪ ማዋለጃ ክፍል ናት። ደግሞ "ይህን ያህል ሐሙስ ለፍቼባት አሁንም ትንቀጠቀጣለች" እንዳትላት አፈረች።

"ልጄ እንዴት ሆነ፣ ሲስተር?"

"ትንሽ... ደከም ብሏል" አለች። አገሩ እንዲህ ነው መቼም፣ መርዶ በማለዳ፣ በሽማግሌ ነው የሚነገረው፤ ሰው ሞቶም "አሞታል" ይባላል። እዚያ ላይ ብታቆም ምን ነበረበት! አባትየው ቀረብ አሏት። "ምን ላድርግ? ምን ይፈለጋል?" ሲሏት፣ ከፊቷ ዘወር እንዲሉላት ብቻ፣

"ደም። ደም ፈልጉ" አለቻቸው።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። የሰውየው ፊት በራ። "ጌታ ይባርክሽ ልጄ፣ ጌታ ይባርክሽ" እያሉ፣ ስልካቸውን ከኪሳቸው እያወጡ ወደ ገበያው ሮጡ።

ኢልሃም ተመልሳ ገብታ አልጋውን አየችው። አንሶላው የሆሴዕን ፊት ሸፍኗል። ለሞተ ሰው ደም! ምን አደረግሁ? አንሶላ ክፍል ገብታ በሩን ዘጋችና መሬት ላይ ዘፍ አለች። በጓሮ በር ልውጣ? አባቴ ሱቅ ገብቼ ከጨርቁ ጀርባ ልደበቅ? እውነቱን እንናገር ከተባለ በደንብ አስባበታለች፤ ጋውኗን እንኳ አውልቃ ነበር። ያኛው ሰውዬ ብቻውን ነበር፣ ያውም እውነት ተነግሮት። እኚህ ግን ተዋሽተዋል፤ ደግሞ ሰው ሰብስበው ነው የሚመጡት። ይህን ባሰበች ቁጥር ነፍሷ ልትወጣ ትደርሳለች።

ማራኪ እዚያው አገኘቻት። ኢልሃም እያለቀሰች ሁሉንም ነገረቻት።

"አይ ኢልሃም! አይ አንቺ ልጅ!" አለች ማራኪ፣ ግንባሯን ይዛ። በጣም ተቆጥታ ነበር፤ ወዲያ ወዲህ አለች። ከዚያ አጠገቧ ተቀመጠች። "ያን ቀን ከታነቅሽ በኋላ በማግስቱ ሥራ አስገባንሽ። እሱ የእኛ ጥፋት ነው። እኔ ልንገርልሽ?"

ኢልሃም "አዎ" ልትል አፏን ከፈተች። የማራኪ ትከሻ ሰፊ ነው፣ ሰው ያስጠልላል። ግን አባትየው "ደም ያለችኝ ልጅስ የት ናት?" እንደሚሉ ታወቃት።

"የላክኋቸው እኔ ነኝ" አለች፣ ጋውኗን መልሳ እየለበሰች። "አብረሽኝ ግን ቁሚ። እንዳትሄጂብኝ።"

"የት እሄዳለሁ?"

ውጭ የባጃጅ ጡሩምባ ተሰማ። ሁለት ባጃጅ ሙሉ ሰው! የገበያ ሰው አለ፣ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን አሉ፣ አንዱማ የሥጋ ቤት ሽርጡን እንኳ አልፈታም። ሁሉም እጅጌያቸውን ሰብስበው እኔ ልቅደም እኔ ልቅደም ይባባላሉ። የፈሩት ይደርሳል ማለት ይኸው ነው። ጋሽ ሊሻን ዱላውን ይዞ ሲጠጋ ማራኪ "ተወው" ብላ በዓይኗ መለሰችው። ከመሃላቸው አንድ ሽማግሌ መርጣ ከአቶ አበራ ጋር ቢሮዋ አስገባች፣ ወንበር አቀረበች።

አቶ አበራ አልቀመጥ አሉ። "ደሙ ይቅደም። መቀመጥ ይደርሳል።"

ኢልሃም በሩን ከኋላዋ አድርጋ ቆመች። "አባባ፣ እባክዎ ይቀመጡ" አለች። ተቀመጡ።

"ሆሴዕ ሞቷል።"

ሽማግሌው "ኧረ ጌታ ሆይ!" አሉ። አቶ አበራ አልጮኹም።

"መቼ?"

እዚህ ላይ ሌላ ውሸት ነበር፣ ያለቀለት፣ ቀላል ውሸት፤ "እርስዎ ደም ፍለጋ እንደሄዱ" ብትል ማን ያውቅባት ነበር? ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር።

"ደም ፈልጉ ስልዎ ሞቶ ነበር" አለች። "ፈርቼ ነው የዋሸሁዎት።"

አቶ አበራ ብድግ አሉ። ኢልሃም አንገቷን በሁለት እጇ ሸፈነች፤ የማራኪ ትከሻ ከትከሻዋ ገጥሞ ተሰማት። እኒያ ትልልቅ እጆች ተነሥተው በራሳቸው በአቶ አበራ ፊት ላይ አረፉ።

"መጀመሪያ ፊትሽን ሳይ አውቄ ነበር" አሉ ከእጆቻቸው ሥር። "ልቤ ነግሮኝ ነበር። ደም ስትዪኝ ጊዜ ግን ለሞተ ሰው ደም አይጠየቅም አልኩ። ደስ አለኝ። ለእናቱ ደወልኩ፣ ተርፏል አልኳት።"

አቶ አበራ እጃቸውን ከፊታቸው አወረዱ።

"መንገድ ላይ ናት" አሉ። "የእኔ አፍ ከእንግዲህ አይችልም። አንቺ ትነግሪያታለሽ።"

የሆሴዕ እናት ወይዘሮ ገነቴ ከባጃጅ ሲወርዱ ፔርሙስ ታቅፈው ነበር። ደጁ ላይ የተሰበሰበው፣ መርዶውን ከሽማግሌው የሰማው ሰው መንገድ ለቀቀላቸው፤ ዓይናቸውን ያየ ግን የለም። እሳቸው በደስታ ብዛት አላስተዋሉም። ነጭ ጋውን ፈለጉ፣ አገኙ። የሚናገሩት በሀዲይኛ ነው፤ ኢልሃም ሆሳዕና ተወልዳ ያደገች ናትና እያንዳንዱ ቃል ይገባታል፣ ምነው ባልገባት!

"አንቺ ነሽ? ልጄን ያተረፍሽልኝ አንቺ ነሽ?" አሉና ፔርሙሱን መሬት አስቀምጠው አቀፏት። ጉንጯን፣ ግንባሯን፣ እጇን ሳሟት። "አጥሚት ነው። ምንም ሳይቀምስ ነው ከቤት የወጣው፣ ቀስ አድርገሽ አጠጪልኝ።"

ኢልሃም አንገቷን መለስ አድርጋ ማራኪን ፈለገች። ማራኪ እዚያው አለች። አቶ አበራም አሉ፣ መሬት መሬቱን እያዩ።

"እማማ፣ እንቀመጥ" አለች በሀዲይኛ። ድምፅዋ የራሷ አልመስላት አለ።

"መቀመጥ ምን ያደርጋል? እሱ ጋ ውሰጂኝ እንጂ!"

"እማማ፣ ሆሴዕ ሞቷል። ደም ያስፈልገዋል ብዬ አባቱን ያታለልኩት እኔ ነኝ።"

ሴትዮዋ አልለቀቋትም። እቅፋቸው እየጠበቀ፣ እየጠበቀ ሄደ፤ ጩኸታቸው ሲወጣ በኢልሃም ደረት ውስጥ ያለፈ መሰላት። ተያይዘው መሬት ወረዱ። ማራኪ አብራቸው ተንበረከከች። ሰዎቹ ደረታቸውን እየደቁ ይጮኻሉ።

ከዚያ ወይዘሮ ገነቴ ኢልሃምን ከእቅፋቸው ለቀቁ። እንባቸውን በክንዳቸው ጠረጉ፣ የቀሚሳቸውን እጅጌ እስከ ክርናቸው ሰበሰቡ።

"ደም ከሆነ የፈለግሽው፣ እኔ እናቱ አለሁ" አሉ። "ነይ፣ ቅጂ።"

ክንዳቸውን ኢልሃም ጭን ላይ ዘርግተው ይጠብቁ ጀመር።