ፀሐይን ፊት ለፊት

ጥርስ ሐኪሙ ካሜራውን የገዛ ዕለት ሚስቱ «ይኼ ነገር ፎቶ ብቻ ነው የሚያነሳው ወይስ ሰውም ይጭናል?» ብላው ነበር። እሱ አልሳቀም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማው ወጣ ብለው በእግራቸው ሲንሸራሸሩ ካሜራውን፣ ሌንሶቹንና ባለ ሦስት እግሩን ማቆሚያ ተሸክሞ፣ እያለከለከ ከኋላ ይከተላል። ትንፋሽ ያጥረዋል እንጂ ምክር አያጥረውም። «በማለዳ ውጡ፤ የቀትር ብርሃን ሰውን ያጠወልጋል። ሌንሱን ጥረጉ። ቁልፉን ከመጫናችሁ በፊት ዳር ዳሩን እዩ፣ ሰው አናት ላይ ዛፍ እንዳይበቅል።»

ይህን ሁሉ ጆሮውን ሰጥቶ የሚሰማው የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነበር። ጠበቃ ነው፤ ካሜራ የለውም፤ ያለው መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ ነው። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ጋሼ ያለውን ሁሉ ያደርጋል፣ ፎቶውም ያምራል።

ሚስትየው ሰሞኑን የሳሎኑ ባዶ ግድግዳ አስጠልቷታል። «ከቅዳሜው ጉዞ የሚያምረውን አንዱን በትልቁ አሳጥቤ እሰቅለዋለሁ» ስትል፣ ሐኪሙ ግድግዳውን በዓይኑ ለክቶ ጨርሶ ነበር።

ያን ቅዳሜ ወንዝ ዳር እንደደረሱ ጠበቃው ጭቃው ላይ ተንበርክኮ ጤዛ ያዘለች ቅጠል በስልኩ አነሳና ለእህቱ አሳያት።

«ውይ፣ አንተ ልጅ፣ እጅህ እኮ የተባረከ ነው።»

ይህን ሐኪሙ ሰማ። ዝቅ ብለህ አንሳ ብሎ ያስተማረው ማን ሆነና? እሱ ራሱ ለሱሪው ሳስቶ አይንበረከክም እንጂ። ደግሞ እጅ! ስንቱን ከስቃይ የገላገለ የእሱ እጅ በዚህች ሴት አፍ አንድ ቀን ተባርኮ አያውቅም።

«ጋሼ፣ አሁንስ ምን ላድርግ?» አለ ጠበቃው፣ ጉልበቱን እያራገፈ።

ፀሐይዋ ከዛፎቹ በላይ ብቅ ብላለች። ሐኪሙ አያትና ክፉ ሐሳብ መጣለት።

«እስከ ዛሬ ፀሐይን ከጀርባህ አድርግ ስልህ ጀማሪ ስለነበርክ ነው። አሁን አድገሃል። ፊት ለፊት ግጠማት።»

«ፎቶው አይጠቁርም?»

«ፍርድ ቤት መሰለህ እንዴ? ያልኩህን አድርግ።»

«እሺ ጋሼ።»

ሐኪሙ ቀለል ብሎት ማቆሚያውን ተከለ። ወንዙ፣ ድልድዩ፣ ሰማዩ፣ ሁሉም በየቦታው ነው። ሚስቱ ብቻ በቀኝ በኩል ገባችበት።

«ዞር በይልኝ፣ የኔ እመቤት፣ ፍሬሙን አበላሸሽው።»

ዞር አለችለት። ወንድሟ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ ጫማዋን አውልቃ ጠጠሩን ስታራግፍ፣ ወንድሟ የሆነ ነገር አላትና ከት ብላ ሳቀች።

ቤት ገብተው ፎቶዎቹን በቴሌቪዥኑ አዩ። መጀመሪያ የሐኪሙ ወንዝ መጣ፤ ጥርት ያለ፣ ቀጥ ያለ፣ የባንክ ቀን መቁጠሪያ ላይ የሚወጣ ዓይነት።

«ጥሩ ነው» አለች ሚስቱ። ሐኪሙ ይህን ድምፅ ያውቀዋል። እሱም ታካሚውን «አያምህም» የሚለው በዚሁ ድምፅ ነው።

ቀጥሎ የጠበቃው መጣ። እህቱ ጫማዋን በእጇ ይዛ ትስቃለች። ፀሐይዋ ከኋላዋ ገብታ የፀጉሯን ዳር በወርቅ ክር ጠልፋዋለች። ፊቷ ጠቆር ብሏል፤ ሳቋ ግን ይታያል፣ ሊሰማም ምንም አልቀረው።

ሴትየዋ ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ አለች። «እንዴት አድርገህ ነው ያነሳኸኝ?»

«እኔ ምን አውቄ። ፀሐይዋን ግጠማት ያለኝ ጋሼ ነው።»

ዞር ብላ ባሏን አየችው። ያን አስተያየት ሐኪሙ ስንት ዕቃ ተሸክሞ ሲፈልገው ኖሯል። አሁን የመጣለት በተንኮሉ ነው።

«እና ታውቅበታለህ ማለት ነው» አለች። «ታዲያ እኔን አንድ ቀን እንኳ እንዲህ አንስተኸኝ የማታውቀው ለምንድን ነው?»

አንድ እንኳ አይጠፋም ብሎ ሐኪሙ ካሜራው ውስጥ ያሉትን የድሮ ፎቶዎች አገላበጠ። ወፍ፣ ዛፍ፣ ወፍ፣ ድልድይ። በአንዱ ጥግ ላይ የሚስቱ ክርን ነበረች፤ ዞር በይ ሲላት ሳትፈጥን የቀረች ክርን።

የጠበቃው ፎቶ በትልቁ ታጥቦ ሲመጣ ግድግዳውን የበሳው ራሱ ሐኪሙ ነው፤ በቤቱ መሰርሰሪያ የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም። ጠበቃው ከታች ቆሞ «ትንሽ ወደ ግራ፣ ጋሼ» ይለዋል። ፎቶው ቀና ሲል ጠበቃው ውሃ ሊጠጣ ወደ ወጥ ቤት ሄደ። ሐኪሙ ከመሰላሉ ሳይወርድ ወደ ሚስቱ ጎንበስ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«የሚመጣው ቅዳሜ እኔና አንቺ ብቻችንን እንሂድ።»

«ወንድሜስ?»

ሐኪሙ ፎቶውን አንዴ አየው።

«ስልኩን ቤቱ ትቶ ከመጣ ይምጣ።»