ያልታጠበችው ሻርፕ

«ሌሊቱን ሙሉ ስትጮህ አደረች። ወተት ባቀርብላት ዞር ብላም አላየችኝ» አለች ጎረቤት የምትኖረው መምህርት፣ ካርቶን ታቅፋ በሩ ላይ ቆማ። ከካርቶኑ ጥቁር የድመት ግልገል አንገቷን ብቅ አድርጋለች።

ሳሎኑ በለቀስተኛ ሞልቷል። ሁሉም በሹክሹክታ ያወራል፤ የሟች አጎት ግን ቀስ ብሎ ማውራት አልፈጠረባቸውም።

«አላልኩም? ሬሳ በወጣበት ቤት ጥቁር ድመት ምን ይሠራል! ማታ ስሄድ ሦስቱንም በጆንያ ከትቼ ገበያው ማዶ እጥላቸዋለሁ።»

«ጋሼ፣ እርስዎም እኮ ጥቁር ነው የለበሱት» አለች የሟች ታናሽ እህት።

«ማታ ብያለሁ።»

የቀሩትን ሁለቱን ሊወስድ ቃል የገባው ፀጉር አስተካካይ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንዲህ የሚያለቅሱ ከሆነማ፣ እኔም እንጃ።»

ታናሿ ካርቶኑን ተቀብላ ወደ ስፌት ክፍሉ ገባች። ሁለቱ ግልገሎች ስፌት መኪናው ሥር ተቃቅፈዋል። ልብስ ሰፊዋ እህቷ፣ እሷ እታለም የምትላት፣ ደረቷን እያመማት በዝናብ ከቦይ ያወጣቻቸው ናቸው። ጥቁር ድመት በተጣለ ቁጥር እታለም ጋ ይመጣ ነበር፤ እሷም ለማን እንደምትሰጠው፣ ልጅ እንደምትድር እናት ትጨነቅ ነበር። «ለአይጥ ፈልጌ ነው» ያለውን በባዶ እጁ ትሸኘዋለች። ለወደደችው ሰው ስትሰጥ ደግሞ ከለበሰችው ልብስ ቁራጭ ቆርጣ፣ ጠርዙን ዘምዝማ ካርቶኑ ውስጥ ታነጥፋለች። «የሚያውቁት ጠረን አብሯቸው ካልሄደ አይተኙም» ትል ነበር።

ታናሿ ይህን አሳምራ ታውቃለች። እያወቀች ነው ግልገሏን ባዶ ካርቶን ውስጥ አድርጋ «ትለምዳለች» ብላ ለመምህርቷ የሰጠቻት። ምን ታድርግ? ከቀብር መልስ ሴቶቹ ሊያግዙ ብለው የእታለምን ልብስ አንድ ሳያስቀሩ አጠቡት። የተረፈችው ታናሿ ትራስ ሥር የደበቀቻት ጠባብ ሻርፕ ብቻ ናት። እሷን አፍንጫዋ ላይ ካላደረገች እንቅልፍ አይወስዳትም።

መምህርቷ ተከትላት ገባች። ዓይኗ ቀልቷል። «እኔ እኮ ወድጃታለሁ። ምን አጥፍቼ ነው ያልወደደችኝ?»

 ከሳሎን አጎት ጆንያውን ሲያራግፉ ተሰማ።

ታናሿ ሄዳ ሻርፏን ከትራሱ ሥር አወጣች። ፊቷን ቀበረችባት፤ ጠረኑን አንዴ በደንብ ሳበች። ከዚያ የእታለምን መቀስ አነሳች። ሦስት ቦታ ቆረጠቻት፣ ጠርዙንም ዘመዘመችው። አንዷን ቁራጭ ካርቶኑ ውስጥ ስታነጥፍ ግልገሏ ዞር ዞር አለችና ተጠቅልላ ተኛች።

«ጥፋቱ ያንቺ አልነበረም» አለቻት መምህርቷን።

ፀጉር አስተካካዩ በሩ ላይ ቆሞ አይቶ ኖሮ፣ ሳይጠይቁት ሁለቱን ከነቁራጮቻቸው አቀፈ። አጎት ጆንያውን አጥፈው ወንበራቸው ሥር አስገቡት።

«በይ ነይ፣ እጅሽን ታጠቢና እህል ቅመሺ» አለቻት አንዲት ሴት፣ ውሃ ይዛ።

ታናሿ ጣቶቿን አፍንጫዋ ላይ አድርጋለች።

«ቆይ» አለች። «ትንሽ ቆይቼ።»